ሙቀትና ዝናብ ሲገናኙ፣ ሲተላለፉም

«ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከኢትዮጵያ በመጣ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ተማሪ ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ዝናብ ስለሚጠፋ» የሚል ነው። መልሱ ለቋራ ቆላ ትክክል ነው። ለኒው ዮርክ ግን አይሠራም። ለናታንያ ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ የሻሮን ሜዳ የባሉጥ ዛፍ፣ በዕብራይስጥ አሎን ሃታቮር የሚባለው፣ ቅጠሉን የሚያራግፈው ዝናቡ በሚወርድባቸው ወራት ነውና። በጂኦግራፊና በአካባቢ ጥናት መግቢያ ኮርሶች ላይ ስለ መካከለኛ የአየር ጠባይ ቅጠል አራጋፊ ደኖች፣ በዕብራይስጥ ያዓር ናሺር ስለሚባሉት፣ ጥያቄ አይጠፋም። ነጥብ የሚያስጥለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን አለማወቅ አይደለም፤ ወቅት የሚለውን ቃል ከየት ተነስተን እንደምንረዳው አለማስተዋል ነው። ስለዚህ የዚህን እትም የጥናት ገጽ ከቃላት እንጀምራለን።

በአማርኛ ወቅቶች የተሰየሙት በዝናብ ነው። በአገር ቤት ባሕረ ሐሳብ ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ክረምት ማለት ዝናብ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ በጋ ማለት ደረቅ ጊዜ ነው። ብርድና ሙቀት እዚህ ስያሜ ውስጥ ዋና ቦታ የላቸውም። በዕብራይስጥ ሖሬፍና ካይትስ ሲባል ግን ብርዱና ሙቀቱም አብሮ ይሰማል፤ በአውሮፓ መጻሕፍት ደግሞ ወቅት የሚለየው ከሞላ ጎደል በብርድና በሙቀት ብቻ ነው።

ወላጆቻችን እዚህ እንደደረሱ ሖሬፍን «ክረምት» አሉት። በእነርሱ መለኪያ አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ዝናብ የሚዘንብባቸው ወራት ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሦስተኛ አገር ሲጨመር ነው። መዝገበ ቃላት የኒው ዮርክን ወይም የበርሊንን የብርድ ወራት «ክረምት»፣ የሙቀቱን ወራት «በጋ» ብሎ ይተረጉማል። አንባቢው ታዲያ «በጋ» የሚለውን ሲያይ ደረቅ ወር ይመስለዋል፤ የኒው ዮርክ ጁላይ ግን ደረቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጠው ትምህርት «የክረምት መርሐ ግብር» ይባላል፤ እነዚያው ወራት በፈረንጆቹ የሙቀት ወቅት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሌሎችን አገሮች ወቅት ስንጠቅስ «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» እንላለን። ለኢትዮጵያ ብቻ ክረምትና በጋ እንላለን። ለማስታወሻ ደብተራችሁም ይህን ልማድ እንመክራለን።

አሁን ወደ መሣሪያው። ሄንሪኽ ቫልተር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከሄልሙት ሊት ጋር በ1960ዎቹ የዓለምን የአየር ጠባይ በሥዕል ያሳየ ትልቅ አትላስ አዘጋጅቷል። በመማሪያ መጻሕፍታችን ላይ የምናያቸው የሙቀትና የዝናብ ሥዕሎች የዚያ ልጆች ናቸው። የአሠራሩ ብልሃት አንድ ነገር ላይ ነው፦ በአንድ በኩል 10 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በሌላ በኩል 20 ሚሊሜትር ዝናብ በእኩል ቁመት ይቀመጣሉ። የዝናቡ መስመር ከሙቀቱ መስመር በላይ ከሆነ ወሩ እርጥብ ነው፤ በታች ከወረደ ደረቅ ነው። በቁጥር ሲነገር፣ የወሩን አማካይ ሙቀት በሁለት አባዙት፤ የወሩ ዝናብ በሚሊሜትር ከዚያ ካነሰ ተክል ውሃ ይጠማዋል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙቀት ሲጨምር ትነት ይጨምራል፤ 40 ሚሊሜትር ዝናብ በብርድ ወር ብዙ ነው፣ በሙቀት ወር ግን መሬቱን አርጥቦ ሳይጨርስ ይጠፋል። ይህ ሕግ ግምት ነው እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ነፋሱን፣ አፈሩንና የዛፉን ሥር አያውቅም። ለፈተና ግን እጅግ ይጠቅማል።

ኒው ዮርክን እንሞክር። በከተማው መሐል በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት 1 ዲግሪ ገደማ፣ የጁላይ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ዝናቡ (የሚቀልጠው በረዶም ተቆጥሮ) በእያንዳንዱ ወር ከ80 እስከ 120 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ጁላይን አባዙት፤ 25 ሲባዛ በሁለት 50። ዝናቡ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። አሥራ ሁለቱም ወራት እርጥብ ሆነው ይወጣሉ። የቅጠል አራጋፊ ደን ባሕርይ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ፣ በምዕራብና በመካከለኛው አውሮፓ፣ በምሥራቅ ቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን የሚገኙት እነዚህ ደኖች በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ750 እስከ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ያገኛሉ፤ ዝናቡም በዓመቱ ውስጥ ተበትኖ ይወርዳል። የሚለዋወጠው ሙቀቱ ነው። ዛፎቹ የሚያድጉባቸው ከአምስት እስከ ስድስት ወራት የሚሆኑት ናቸው፤ በእነዚያ ወራት ሙቀትም ዝናብም አብረው ይገኛሉ።

ታዲያ ዝናብ ካልጠፋ ቅጠሉ ለምን ይረግፋል? መሬቱ ሲቀዘቅዝና ውሃው በረዶ ሲሆን ሥር ሊጠጣው አይችልም። ውሃው አለ፤ ግን ተቆልፎበታል። ሰፊና ስስ ቅጠል ደግሞ ውርጭ ይገድለዋል፣ የበረዶ ክብደትም ቅርንጫፉን ይሰብራል። ቀኑም ስለሚያጥር ቅጠሉ ከብርሃን የሚያገኘው ትርፍ ወጪውን አይሸፍንም። ዛፉ ይህን የሚያውቀው ብርዱ ከመበርታቱ በፊት ነው፤ የቀን ርዝመት ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ምልክቱን ይቀበላል። ከዚያ እንደ ጥንቁቅ ባለቤት ቤቱን ይሰበስባል፦ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ከቅጠሉ አውጥቶ ወደ ግንድና ወደ ሥር ይመልሳል። አረንጓዴው ክሎሮፊል ይፈርሳል፤ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ቢጫ ይወጣል። ቀዩ ቀለም ግን ተደብቆ የነበረ አይደለም፤ በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። በመጨረሻ በቅጠሉ እግር ላይ ቀጭን መለያ ሽፋን ይበጃል፣ ቅጠሉም በነፋስ ይወድቃል። ሻሌኼት የምንለው ይህ ሁሉ ነው፤ ዛፉ አቅዶ የሚያደርገው ሥራ እንጂ ሞት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ታዋቂ ደን ብንጨምር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሽር ግዛት ሃባርድ ብሩክ የሚባል የምርምር ደን ከ1955 ጀምሮ ሲጠና ቆይቷል። በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብና በረዶ ያገኛል፤ በየወሩም ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ወንዞቹ ግን እኩል አይፈሱም። በረዶው ሲቀልጥ ይሞላሉ፤ በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ላይ ዝናቡ እንደ ወትሮው እየዘነበ ይቀንሳሉ። ልዩነቱን የሚያመጡት ቅጠሎቹ ናቸው፤ ውሃውን ከአፈር ስበው ወደ አየር ይተነፍሱታል። ተመራማሪዎቹ ከ1965 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ተፋሰስ ያሉትን ዛፎች በሙሉ ቆርጠው ዳግም እንዳይበቅሉ አደረጉ፤ በመጀመሪያው ዓመት የወንዙ ፍሰት በ40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ከውሃው ጋር ከአፈሩ ብዙ ናይትሬት ታጥቦ ወጣ። ለእኛ ከዚህ ሙከራ የሚበልጥ ማስረጃ የለም፦ ዝናብ ምን ያህል እንደወረደ ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ ሲወርድ የሚጠጣው ማን እንደሆነም መታየት አለበት።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ናታንያ በዓመት ከ550 እስከ 600 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ከበርሊን ብዙም አያንስም። በርሊን ዙሪያ ግን የቢችና የባሉጥ ደን ይበቅላል፣ ናታንያ ዙሪያ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ሣሩ ሁሉ ይደርቃል። የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት 13 ወይም 14 ዲግሪ ነው፤ ዝናቡ ከ100 ሚሊሜትር በላይ ነው። ኦገስት 27 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዝናቡ ዜሮ ነው። በቫልተር ሕግ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ያሉት ሰባት ወራት ገደማ ደረቅ ይሆናሉ። ሙቀትና ዝናብ እዚህ ይተላለፋሉ እንጂ አይገናኙም። ዝናቡን የሚያመጡት በብርድ ወራት ከቆጵሮስ አካባቢ የሚመጡ ዝቅተኛ የአየር ግፊቶች ናቸው። በኦገስት አየሩ በእርጥበት ተሞልቶ ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ዝናብ ግን የለም፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ደረቅ አየር እርጥበቱን እንደ ክዳን ይከድነዋል፣ ደመናም ወደ ላይ ማደግ አይችልም። «ይህ ሁሉ ላብ እያለ ዝናብ የት ገባ?» የሚል አዲስ መጪ ካጋጠማችሁ መልሱ ይኸው ነው።

እዚሁ ግን ደን ነበረ። የሻሮን ሜዳ (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳሮን) በቀዩ አሸዋማ አፈሩ ላይ በባሉጥ ዛፍ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። ኢሳይያስን ወደ ግሪክኛ የተረጎሙት ሊቃውንት ሳሮን የሚለውን ስም በአንድ ቦታ ላይ ጫካ በሚል ቃል ተክተውታል። የመስቀል ጦረኞች ዘመን ሲመጣ ከናታንያ በስተ ደቡብ የነበረው «የአርሱፍ ደን» በታሪክ ይጠቀሳል፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1191 ሪቻርድና ሳላሕዲን የተዋጉት በዚያ አጠገብ ነው። የሳላሕዲን ሠራዊት በደኑ ውስጥ ተከልሎ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ለወራት ዝናብ አልዘነበም፤ ባሉጡ ግን በዚያ ወር ቅጠሉን እንደያዘ ነው። ጦርነቱ በጃንዋሪ ቢሆን ኖሮ መሸሸጊያው ይሳሳ ነበር ብለን ብናስብ አያስወቅሰንም። ደኑ ያለቀው ለከሰል፣ ለማገዶና ለግንባታ ተቆርጦ ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም የኦቶማን መንግሥት ለባቡር ማገዶ ብዙ ዛፍ አስቆርጧል። ናታንያ በ1929 ስትቆረቆር የቀረው እዚህም እዚያም የተበተነ ዛፍ ነበር።

ይህ ባሉጥ በደረቁ ሰባት ወራት ቅጠሉን ተሸክሞ ይቆማል፤ በብርዱ ወራት አጋማሽ ጥቂት ሳምንታት ይራቆታል፤ በፌብሯሪና በማርች ደግሞ አበባና አዲስ ቅጠል ያወጣል። ዝናቡ ሲመጣ መራቆቱ ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን ሥሩ ጥልቅ ነው፣ አፈሩም በዝናቡ ወራት የጠጣውን ውሃ ከታች ያስቀምጣል። ስለዚህ ዛፉ የሚኖረው በማርች ደመና ሳይሆን በጃንዋሪ ቁጠባ ነው። በሩቅ አገር ሰማዩ በየወሩ የሚያቀርበውን ውሃ እዚህ አፈሩ ነው የሚያቀርበው። አስፋልትና ሲሚንቶ አፈሩን ሲሸፍኑት ውሃው ወደ ባሕር ይሮጣል፤ ስለ ከተማ ዛፍ ተከላ ስንነጋገር ከዝናቡ መጠን በፊት ይህ መነሣት ነበረበት።

ጎንደርስ? ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ከናታንያ በእጅጉ የበለጠ፣ ከኒው ዮርክም ብዙ ያልራቀ ነው። ግማሽ ያህሉ ግን በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ሙቀቱ በበኩሉ ዓመቱን ሙሉ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲያውም ቀዝቀዝ የሚለው ደመናው በሚከብድበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይሞቃል የሚባለው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ለምን እንዲህ እኩል ሆነ ብትሉ የፀሐይን ሰዓት ተመልከቱ፦ በጎንደር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በናታንያ አራት ሰዓት፣ በኒው ዮርክ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ሙቀቱ ካልተለዋወጠ ወቅትን የሚወስነው ዝናቡ ብቻ ይሆናል። የአማርኛ ወቅቶች በዝናብ መሰየማቸው ከዚህ የመጣ ነው፤ ቋንቋው አገሩን በትክክል ለክቶታል።

በደጋው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ኮርች ግን በበጋ ተራቁቶ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ አበባውን ይሰቅላል። ወደ ቋራና መተማ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ጫካው በሙሉ ማለት ይቻላል በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። የእጣን ዛፍ ቅጠል አልባ ሆኖ በሚቆምባቸው በእነዚያ ደረቅ ወራት ነው ቅርፊቱ ተፍቆ እጣኑ የሚለቀመው። ቤተሰባችሁ ከቋራ ከሆነ ጠይቁ፤ ከመጽሐፉ የተሻለ ይነግሯችኋል። እነርሱ የሚያውቁት ደን ቅጠል አራጋፊ ነው፤ ነገር ግን የመካከለኛው አየር ጠባይ ደን አይደለም። ፈተናው ላይ ሁለቱን መለየት ነው ቁም ነገሩ። ደንቡን የሚያፈርስም አለ፤ ከግራር ወገን የሆነና በሳይንስ ስሙ ፋይደርቢያ አልቢዳ የሚባል ዛፍ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ያለመልማል። በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው ከሥሩ ያርሳል፤ ሰብሉ ሲያድግ ጥላው የለም፣ ከብቱ ሲራብ ግን ቅጠሉና ፍሬው አለ።

ሙቀትና ዝናብ የት እንደሚገናኙ ለማስታወስ ሦስት አበቦችን እንድትይዙ እንመክራለን። አደይ አበባ በመስከረም ይፈነዳል፤ ውሃው ገና አፈር ውስጥ ነው፣ ደመናው ግን ተገልጧል። በናታንያ ደቡብ በባሕሩ አጠገብ ባለው ጥብቅ ስፍራ የሚገኘው ጠቆር ያለ ሐምራዊ አይሪስ በፌብሯሪና በማርች ያብባል፤ ዝናቡ ሊያልቅ፣ ሙቀቱ ሊጀምር ሲል፣ ከዚያ ወደ መሬት ውስጥ ገብቶ ደረቁን ወራት ይተኛል። በኒው ዮርክና በአውሮፓ ደኖች ወለል ላይ ያሉት ትናንሽ አበቦች ደግሞ የሚቸኩሉት ስለ ውሃ አይደለም፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ከላይ ያሉት ዛፎች ቅጠል አውጥተው ብርሃኑን ሳይዘጉባቸው ለመጨረስ ነው። ሦስቱም ጠባብ በር ጠብቀው ያልፋሉ፤ በሩን የሚዘጋው ግን በየቦታው የተለየ ነው። በከተማችን ያለው የዶራ የዝናብ ኩሬም በፌብሯሪ ቢጎበኝ ጥሩ ነው፤ በጁላይ ሄዳችሁ የት እንዳለ አትጠይቁን።

ይህ ሁሉ በበዓላችንም ውስጥ አለ። ሲግድ በሔሽቫን 29 ይውላል። በኢትዮጵያ ይህ ወደ ኅዳር የሚጠጋ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ እህሉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ ደርቋል። በእስራኤል ግን በዚያው ወር በ7ኛው ቀን ስለ ዝናብ መለመን ይጀመራል፤ የስንዴው ዘር የሚዘራውም በዚያ ሰሞን ነው። አያቶቻችን የአዝመራው ማብቂያ አድርገው ያወቁት ወር ልጆቻቸው ለሚኖሩበት አገር የአዝመራው መጀመሪያ ሆነ። ቀኑ አልተለወጠም፤ ሰማዩ ነው የተለወጠው። ሽማግሌዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «እዚህ ወቅቱ ተገለባብጧል» ሲሉ የነበረው የናፍቆት ንግግር ብቻ አልነበረም፤ የሁለቱን አገሮች ሥዕል ጎን ለጎን ብትስሉት በትክክል የሚታይ ነገር ነው።

ለፈተና፦ ስም የሌለው የሙቀትና የዝናብ ሥዕል ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የሙቀቱን መስመር ተመልከቱ። ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ከሆነ ወደ ሐሩር ክልል ሂዱ፣ ወቅቱንም በዝናቡ ለዩት። ተራራ ከሠራ ዝናቡ ከተራራው ጋር ይወጣል፣ እኩል ይዘልቃል ወይስ ይሸሸዋል ብላችሁ ጠይቁ። እኩል ከዘለቀና የብርዱ ወራት ወደ ዜሮ ከተጠጉ ቅጠል አራጋፊ ደን ነው ማለት ትችላላችሁ። ከሸሸው እንደ ናታንያ ያለ የሜዲትራኒያን አየር ጠባይ ነው። «ናታንያ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ወራቱን ደግማችሁ አንብቡ፤ ቅዝቃዜውና ዝናቡ በጁላይ ከሆኑ ያያችሁት ኬፕ ታውንን ሊሆን ይችላል።